ጳጉሜን የማያውቀው ካሜራ

ሣጥኑን የከፈትኩት ለውቢት ብዬ ነው። ውቢት የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ጎንደር ተቀምጣ ሰርግና ምርቃት ታነሳለች፤ ዘመን መለወጫ ሲደርስ ወደ ደባርቅ ትመጣና ጳጉሜን እኔ ቤት ትሰነብታለች። ዘንድሮ ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «አባባ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁ» አለችኝ። በመተማ በኩል የሚገባ ካሜራ አግኝታለች። ሱቅ ከሚሸጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን የግማሽ ያህል ነው። ደረሰኝ የለውም፣ ዋስትና የለውም፣ ቢበላሽ መልሶ የሚቀበል ሰው የለም። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ከደባርቅ እስከ ዳባት ከእኔ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ራሴን ማሳነስ አልወድም፤ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ትምህርት ቤት፣ በገዛ ዓይኔና በገዛ ጣቴ ተምሬ የዚህን አገር ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ፎቶ ያነሳሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት አልጋ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ጎትቼ አወጣሁ።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሰንደል፣ የሱዳን ሳሙና፣ ከረሜላ፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ የሰሊጥ ዘይት። ካሜራው ፊልም ካጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ የቆዳ ማኅደሩ ግን ዛሬም የእትዬ ዘነቡን ጆንያ ይሸታል። ውቢት አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ደባርቅን ሳያውቃት፣ መንገዷ ኮረት ሆኖ አውቶቡስ ሲያልፍ መላው ከተማ አቧራ ለብሶ የሚያስነጥስበት ጊዜ ድረስ።

ፎቶ ቤቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን ነበረች። አንድ ክፍል ናት፤ ግን ከጎንደር ወዲህ እንደ እሷ ያለች አልነበረችም። ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም ያሠራሁት ፏፏቴ ነበር፤ ከፏፏቴው በላይ አውሮፕላን ይበራል፤ ከሥሩ ጽጌረዳ በቅሏል። ሚስማር ላይ አንድ ሰማያዊ ኮትና ላስቲክ ያለው ቀይ ክራባት ተሰቅሏል። ያንን ኮት ያልለበሰ የደባርቅ ጎልማሳ የለም። ዛሬ በየሳሎኑ ብትዞሩ የስንቱ ሽማግሌ የጉብዝና ፎቶ ያው አንዱን ኮት ለብሶ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱ እጅጌው አልፎት ጣቱ አይታይም። ገበሬው ከላይ ኮት፣ ከታች ቁምጣ ስለሆነ ከወገብ በላይ ብቻ ነበር የማነሳው፤ ይህንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሴቶቹ በጥቁር ሻሻቸው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የላስቲክ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ በውኃ አጥበው ይገባሉ። ጫማው ፎቶው ላይ እንደማይወጣ ብነግራቸውም ያጥባሉ። ፎቶ ሦስት ብር፣ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳባት ደርሶ ለመምጣት ስድስት ብር። የሻይ ቤቱ ቴፕ የያዘው አንድ ካሴት ነበር፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኟ ወንድ እየሆነች ትሄዳለች፤ ባለቤቱ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና እንደገና ሴት ያደርጋታል።

ታዲያ የመጀመሪያዋ ካሜራዬ፣ ከአንድ ጡረተኛ የገዛኋት፣ በአንድ ክረምት ሻግታ ሞተችብኝ። ጎንደር ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። መስተዋት ውስጥ የተቀመጠ የጃፓን ካሜራ አየሁ፤ ራሱ ፊልም የሚጠቀልል፣ ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቁጥር ቀን የሚጽፍ። «ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፤ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ ባለሱቁ፣ ጫማዬን እያየ። በዚያ ገንዘብ ጥንድ በሬ ይገዛል። ይህንኑ ካሜራ ታደለ ገዝቶት ነበር። ታደለ ከእኔ በላይ በኩል፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈተ ተፎካካሪዬ ነው። ደረሰኙን በመስተዋት አስገብቶ እንደ ቅዱስ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። እንዳልተወው ጓጓሁ፤ እንዳልገዛው እጄ አጠረ።

እትዬ ዘነቡን ያገኘኋት በቅዳሜ ገበያ፣ ዳባት ላይ ነው። ከመተማ ሰንደል፣ ሳሙና፣ ከረሜላና የሴት ሽቶ እያመጣች የምትሸጥ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ድምፅዋ የወንድ የሆነ ሴት ነበረች። ከጆንያዋ ሥር፣ በሰሊጥ ዘይት ጀሪካን ተደግፎ፣ በፎጣ የተጠቀለለውን አወጣችልኝ። ያው ካሜራ ነው።

«ስንት ነው እትዬ?»

«ለአንተ አንድ ሺህ አንድ መቶ።»

«ዋስትና አለው?»

«ዋስትናው እኔ ነኝ! በየአሥራ አምስት ቀኑ እዚችው ድንጋይ ላይ ነኝ። ከፈለግህ መጥተህ ልትሰድበኝ ትችላለህ፤ ገንዘብ ግን አልመልስም።»

«ደረሰኝስ?»

«ደረሰኝ ፎቶ ያነሳልሃል?»

ገዛሁት። እውነት ለመናገር ከእሷ የበለጠ የሱቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ገና ወደ ደባርቅ ስመለስ ነው የኮንትሮባንድ ዕቃ ጣጣው የገባኝ፤ መንገድ ላይ የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ፊናንሶች አውቶቡሱን አስቁመው ፍተሻ ጀመሩ። ሰዉ ያለውን ከቀሚስ ሥር፣ ከዶሮ ቅርጫት ሥር ይከታል። እኔ ምን አደረግሁ? ካሜራውን አውጥቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁት። ቀድሜ ወርጄ ለኃላፊው፣ «ጌታዬ፣ ቆብዎን ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉት፤ ፀሐዩ ፊትዎ ላይ አልወጣም» አልሁት። ቆቡን አስተካከለ፤ ደረቱን ነፋ። ሦስት ጊዜ አነሳሁት። ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም። ከወር በኋላ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጥቶ ፎቶዬ የታለ አለኝ፤ «ተቃጠለብኝ፤ በነፃ እንደገና ላንሳዎት» ብዬ በሰማያዊው ኮት አነሳሁት። ወዳጄ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ መማር መጣ። ከካሜራው ጋር የመጣችው መጽሐፍ በጃፓን ፊደል ተጽፋለች፤ ጉንዳን የተተራመሰባት ነበር የምትመስል። ታደለ እንግሊዝኛ መጽሐፍ አለው፤ ባለሱቁም አስረድቶታል። እኔ ያለኝ ጣት ነው። አንድ ሙሉ ፊልም አበላሽቼ የመጀመሪያውን ቁልፍ አወቅሁ፤ ሁለተኛውን አበላሽቼ ቀን የሚጽፈውን አገኘሁ። እዚህ ላይ ነው ታደለን ያለፍኩት። የእሱ ካሜራ የፈረንጅ ቀን ይጽፋል፤ ሰዉ ፎቶውን እያየ «ሰባት ዓመት አስረጀኸን» ይለዋል። ቀይረው ሲሉት፣ «የማያውቁትን ከነካኩ ዋስትናው ይቀራል» ይላል። የእኔ ዋስትና እትዬ ዘነቡ ናት፤ ምን ይቀርብኛል? ዓመተ ምሕረቱን የእኛን አደረግሁት፤ መስከረምን አንደኛ ወር አልኩት። ሰዓቱን ሳይቀር በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ስለዚህ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ልክ እንደ እኛው ጎሕ ሲቀድ ሆነ። ጃፓኖቹ ራሳቸው መጥተው ቢያዩ ባርኔጣቸውን ያነሱልኝ ነበር።

ወሬው ተሰማ። ከዳባት፣ ከወቅን፣ ከጃን አሞራ ሰው በእግሩ እየመጣ «በእኛ ቀን አንሳን» ይለኝ ጀመር። እኔም ደጃፌ ላይ «ቀን የማይስተው ፎቶ ቤት» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁ። በእርግጥ ካሜራው ጥቂት አመል ነበረበት። አንዳንዱን ወር ሠላሳ አንድ ያደርገዋል፤ እሱን በማግሥቱ እመልሰዋለሁ። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም፤ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ይገባል። ስለዚህ ጳጉሜን ፎቶ ቤቱን ዘግቼ፣ «እነዚህ ቀኖች የጸሎትና የጠበል ናቸው» አልኩ፤ ሰዉ ሃይማኖተኛ ነው ብሎ አከበረኝ። አንድ የቀረ ነበር። ኅዳር ሲጠባ ቀኑ ሁለት ወደ ፊት ሄዶ አገኘዋለሁ። ብርዱ ባትሪውን አስቸኩሎት ነው ብዬ ዝም ብዬ አስተካክለዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደጃፌ ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ እንዴት ያናግረኛል?

ባትሪውም ሌላ ጣጣ ነበር። የዚያ ካሜራ ባትሪ ጎንደር አይገኝም፤ እትዬ ዘነቡን አሥራ አምስት ቀን መጠበቅ ነው። በተለይ ወደ ተራራው፣ ወደ ጊች ስወጣ ብርዱ ባትሪውን ያፈዝዘዋል። እዚያ ላይ አንድ ዘዴ ፈጠርሁ፤ ባትሪውን በብብቴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰዉን አሰልፌ፣ ፈገግ አስብዬ፣ ከዚያ ከብብቴ አውጥቼ ከትቼ ቶሎ አነሳለሁ። የጊች ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩኝ ብብቱን የሚያክክ ፎቶ አንሺ መጣ ይሉ ነበር። በኋላ ግን ለጎረቤት «ቁም፤ ብብቱን እስኪያክክ ጠብቅ» እየተባባሉ ሥራውን ያግዙኝ ጀመር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በካሜራው ሁለተኛ ዓመት ከጊች ጉዞ ነው። ዕቃዬን የጫነልኝ ሞላ ነበር። ሞላ ቱሪስትና ጓዝ እየጫነ ወደ ተራራው የሚወጣ በቅሎ ነጂ ነው፤ ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ቃሉ የታመነ። የራሱ በቅሎ እግሯን አሟት ስለነበር የጎረቤቱን የፈንታሁንን ዳማ በቅሎ ተውሶ ነው የወጣን። ፈንታሁን ለቅሶ ሊደርስ ዳባት መሄዱ ስለነበር፣ «ስትመለስ ካልኖርሁ በረት አግብተህ እሰራት» ብሎታል። ጊች ላይ የሞላ ወንድም ገብስ አጨዳ ነበረው፤ ሰው ተሰብስቧል። ሞላ በቅሎዋ ላይ ጉብ ብሎ፣ ጅራፉን እንደ ጦር ይዞ፣ «አያ አዱኛው፣ እስቲ ደጃዝማች አስመስለው ያንሱኝ» አለኝ። አነሳሁት። በማግሥቱ ሳይነጋ እሱ በቅሎዋን ይዞ ቀደመኝ፤ እኔ መንገድ ላይ ሳንቃበር አድሬ በነጋታው በጭነት መኪና ወረድሁ። ደባርቅ ስገባ የግድግዳው ካላንደር ኅዳር አንድ ይላል፤ ካሜራው ኅዳር ሦስት። እንደ ልማዴ አስተካከልሁትና ሥራዬን ቀጠልሁ።

ፈንታሁን ዳባት ላይ ሳምንት ቆየ። ሲመለስ በረቱ ባዶ ነው። ሞላ፣ «ጥቅምት ሠላሳ ማታ አግብቼ አሰርኋት፤ ሣር ጣልሁላት» ይላል፤ ግን መሽቶ ስለነበር ያየው ሰው የለም። የሚስቱንና የወንድሙን ቃል ማን ይቀበላል? እስከዚያ ድረስ ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ነበር። በዚህ መሐል ጎንደር ልኬ ያሳጠብኩት ፊልም መጣና ለሞላ ፎቶውን ሰጠሁት። ሞላ የዋህ ነው፤ በመንደሩ ይዞት ዞረ። ፈንታሁን አየው። ሞላ በቅሎዋ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ ጥጉ ላይ በብርቱካንማ ቁጥር ኅዳር አንድ ተጽፏል። «ጥቅምት ሠላሳ መልሼልሃለሁ ያልኸኝ በቅሎ ኅዳር አንድ ጊች ላይ ምን ትሠራለች?» አለ ፈንታሁን። ሰዉ ሁሉ አመነው። የእኔን ካሜራ የማያምን ማን ነበር!

የሽማግሌ ቀን ተቆረጠ። ሞላ ከተረታ የገዛ በቅሎውን ለፈንታሁን ይሰጣል። በቅሎ ነጂ ያለ በቅሎ ምን ይሆናል? ከዚያ የባሰው ደግሞ ስሙ ነበር፤ ውሸታም የተባለ ሰው ከበቅሎ ነጂዎች ተራ ይሰረዛል፤ ጓዙን የሚሰጠው አይኖርም። ከሽማግሌው ቀን አስቀድሞ በጠዋት ወደ ፎቶ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«አያ አዱኛው፣ እርስዎ አብረውኝ ነበሩ። ጊች የዋልን በዓለ ወልድ ዕለት አይደለም እንዴ?»

በዚያ ሰሞን ቀን የምጠይቀው ካሜራዬን እንጂ ሰው አልነበረም። «ካሜራው ኅዳር አንድ ይላል» አልሁት።

«ካሜራው እኔን አያውቀኝም። እርስዎ ያውቁኛል» አለና ወጣ።

ያች ቃል አላስቀመጠችኝም። በሩን ዘጋሁና ኔጋቲቮቹን መስኮቱ ላይ ደቅኜ አንድ በአንድ አየሁ። ሞላ በበቅሎዋ ላይ፦ ኅዳር አንድ። ሳንቃበር ላይ ያነሳኋቸው ሁለት እረኞች፦ ኅዳር ሁለት። ቀጥሎ፣ በዚያው ፊልም፣ በራሴ ፏፏቴ ፊት የቆመች አንዲት አስተማሪ፦ እንደገና ኅዳር አንድ። ቀኑ ወደ ኋላ ሄዷል! ካሜራውን አወጣሁ፤ ጥቅምት ሃያ ስምንት ብዬ ሞላሁት፤ ሰዓቱን ቀኑ ሊለወጥ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አድርጌ ጠበቅሁ። ቁጥሩ ዘለለ፤ ኅዳር አንድ አለ። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሉም። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር አጭር መሆኑን ታደለ ከእንግሊዝኛው መጽሐፉ ያውቃል፤ እኔ ጉንዳን ነው የደረሰኝ። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፤ የአገሩን ቀን ነው የሚቆጥረው። ወደ እኛ ቀን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀን አይስትም ብዬ በቀይ ቀለም የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልሁ ፎቶ ቤቴ እንደ ተከበረች ትኖራለች፤ ከተናገርሁ የታደለ ሳቅ ጤና ጣቢያው ድረስ ይሰማል። አንድ ሻይ ጠጥቼ አሰብሁበት። ሁለተኛውን አልጨረስሁትም።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር ነበር። ዳኛው መሪጌታ ኃይሉ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው የሚያሰሉ፣ ጾምና በዓል ለአገሩ የሚያውጁ ትልቅ ሊቅ። ግማሽ ደባርቅ ቆሟል። ታደለም ቆሟል። ፈንታሁን ፎቶውን እንደ ታርጋ ከፍ አድርጎ ይዞታል።

«አዱኛው፣ ይህን ያነሳኸው አንተ ነህ?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ መሪጌታ።»

«ቀኑ ምን ይላል?»

«ኅዳር አንድ ይላል።»

«ካሜራህ ቀን ይስታል?»

ሰዉ ሳቀ። ፈንታሁን፣ «እሱን ደግሞ ይጠይቁታል መሪጌታ? ከካላንደር ይልቅ የእኔን ካሜራ እመኑ ሲል አይደል የሚውለው!» አለ።

«ይስታል» አልሁ።

ሞላ ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ኔጋቲቩን በፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሁለቱን ኅዳር አንዶች በየተራ አሳየኋቸው። «ጊች ላይ ኅዳር አንድ ይላል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደባርቅም ገብቼ ኅዳር አንድ ይላል። የኋለኛው ነው ትክክለኛው፤ ደባርቅ ስገባ በካላንደር ያረምሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ጊች የዋልነው ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ነው» አልሁ። ከዚያ ካሜራውን ለመሪጌታ አስያዝኋቸው። ጥቅምት ሃያ ስምንት ብዬ ሞልቼ፣ «አሁን ይጠብቁ» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው በዚያች ትንሽ መስኮት ላይ ተደፉ። ደቂቃዋ አላልቅ አለች። ቁጥሩ ሲዘል አንዱ ሽማግሌ ወደ ኋላ ወደቀ ልበል።

«ኧረ! ሁለቱ ቀኖች ወዴት ገቡ?»

«በላቸው!» አለ ከቆመው ሰው አንዱ።

መሪጌታ ካሜራውን በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ መለሱልኝ። «ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ ነው። በዓለ ወልድን የሚዘል መሣሪያ እዚህ ግቢ ውስጥ ምስክር አይሆንም» አሉ። «ለመሆኑ ጳጉሜንስ ያውቃል?»

«አያውቅም መሪጌታ።»

«ለዚህ ነዋ ጳጉሜን የምትጸልየው!» ብሎ ታደለ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

«ደረሰኝ ያለው ብትገዛ ኖሮ ባለሱቁ ይነግርህ ነበር» አለኝ ታደለ ጨምሮ።

«ደረሰኝ ያለው ብገዛ ኖሮ ከፍቼ አላውቀውም ነበር፤ እንዴት እንደሚሳሳትም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር» አልሁት። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ፈንታሁን ወዲያው አልተረታም። «እሺ፣ በቅሎዬስ?» አለ። ሽማግሌዎቹ የሞላን ቃል ተቀበሉ፤ ሞላም የገዛ በቅሎውን ይዞ ቤቱ ገባ። በቅሎዋ የተገኘችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንድ የአምባራስ ገበሬ ለገበያ ወርዶ፣ «የማን እንደሆነች የማላውቃት ዳማ በቅሎ በኅዳር መጀመሪያ መጥታ ገብሴን ስትበላ ይዤ አስሬያለሁ፤ ባለቤት ጠፋ» ብሎ ተናገረ። ለካ ባዶ በረት ሲሰለቻት ገመዷን በጥሳ፣ ወደ ጊች ስትወጣ የቀመሰችውን ገብስ ፍለጋ በመጣችበት ተመልሳለች። ፈንታሁን ያን ዕለት የሞላን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሞላ ያዘው። «ተው፣ በቅሎህ ገብስ ታውቃለች፤ አንተ ምን ታውቃለህ» አለው። ታረቁ።

እኔን መሪጌታ ዝም አላሉኝም። «በየቤቱ ዞረህ የጥቅምት መጨረሻ ፎቶህን ሁሉ አርም» አሉኝ። የሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ ማስታወሻና እስክሪብቶ ይዤ ከደባርቅ እስከ ዳባት ዞርሁ። ፎቶውን ከግድግዳ አስወርጄ፣ ባለቤቶቹን ዕለቱን ጠይቄ፣ ትክክለኛውን ቀን በጀርባው በእጄ ጽፌ ፈረምሁበት። በየቤቱ ጠላ አጠጡኝ፤ በየቤቱ ሳቁብኝ፤ ከዚያ ደግሞ የሁሉንም ቤተ ሰብ እንደገና አነሳሁ። ያን ያህል ገበያ በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የጀርባው ቀንና ፊርማዬ የፎቶ ቤቴ ምልክት ሆነ። ደጃፌ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ቀባሁትና «አዱኛው ፎቶ» ብቻ አልኩት። ታደለ ራሱ በኋላ በፎቶው ጀርባ ቀን በእጁ መጻፍ ጀመረ፤ ከማን እንደተማረ አይናገርም እንጂ።

ይህን ሁሉ ለውቢት ስነግራት ውጪ ዝናብ ጀመረ። ካሜራውን አገላብጣ፣ መነጽሩን ወልውላ፣ «ታዲያ ልግዛው አባባ?» አለች።

«ግዢው» አልኋት። «ርካሽ ነው፤ የሚከለክልሽ ዋስትና ስለሌለ በደንብ ታውቂዋለሽ። ሲበላሽ ግን ብቻሽን ነሽ። ለሰው ስትሰጪም ካሜራው አለ አትበዪ፤ አንቺ ነሽ የምትጠየቂ።»

በሩ ተንኳኳና ሞላ ገባ። አርጅቷል፤ ጺሙ እንደ ገብስ ነጥቷል፤ ጋቢው ዝናብ ጠጥቶ ይንጠባጠባል። የተከፈተውን ሣጥንና በውቢት እጅ ያለውን ካሜራ ሲያይ ፊቱ በራ። ይችን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ያለፈበት ዓመት የለም።

«አያ አዱኛው፣ ዛሬ በካሜራዎ ስንት ነው?»

ውቢት የራሷን ካሜራ አውጥታ ሁለታችንንም ወደ መስኮቱ አስጠጋችን። ዝናቡ ከቆርቆሮው እየወረደ ነው፤ ልጆች ራቁታቸውን ሥሩ ይዘላሉ።

«ካሜራውን ተወው፤ እኔን ጠይቀኝ» አልሁት። «ዛሬ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነው።»